የደም ቆጠራ ብቻውን የሉኪሚያን ሕክምና አይመራም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር፣ ኢማቲኒብን በመሰለ በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት መታከም ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱ በትክክል እየሠራ ስለመሆኑ የሚደረገው ክትትል ግን፣ ቢያንስ እኔ በምሠራበት የድሬዳዋ ላቦራቶሪ፣ ከተራ የደም ቆጠራ አላለፈም።

ነጭ የደም ሴሉ ከ100 ሺህ በላይ የነበረ ታካሚ በጥቂት ሳምንታት ወደ 7 ሺህ ሲወርድለትና ያበጠ ጣፊያው ሲቀንስለት፣ የውጤት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ «እንግዲህ ድኛለሁ ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቆጠራው የሴሎቹን መስተካከል እንጂ፣ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረውና በሽታውን የሚያመጣው ቢሲአር-ኤቢኤል የተሰኘ ዘረመል ምን ያህል እንደቀረ አያሳይም። ይህን የሚለካው ፒሲአር የተባለው፣ የዘረመል ቅጂዎችን አባዝቶ የሚለካ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ከክንድ በሚቀዳ ደም ስለሚሠራም ታካሚው በየጊዜው መቅኔ እንዲቀዳ አያስገድድም። በተለመደው የሕክምና መመሪያ መሠረት ውጤቱ (የዚህ ዘረመል መጠን ከአንድ ማነጻጸሪያ ዘረመል አንጻር በመቶኛ ሲሰላ) በ3ኛው ወር ከ10 በመቶ፣ በ6ኛው ከ1 በመቶ፣ በ12ኛው ደግሞ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ቆጠራው ደህና ሆኖ ሳለ ይህ መጠን እየጨመረ ከሄደ፣ መድኃኒቱ እየተዘለለ ወይም በሽታው እየተላመደው ሊሆን ይችላል። (መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የክኒኑ አወሳሰድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል።)

ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ መላክ መፍትሔ ቢመስልም፣ የሚለካው አርኤንኤ (የዘረመሉ መልእክት ቅጂ) በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑ በድሬዳዋ ሙቀት በአውቶቡስ የሚጓዝ ብልቃጥ አስተማማኝ ውጤት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ታካሚው ራሱ በየሦስት ወሩ ይሂድ ማለትም ለቀን ሠራተኛ የሚቻል አይደለም።

በአገራችን የጤና ተቋማት ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት የተባለ መሣሪያ፣ የቢሲአር-ኤቢኤል ካርትሪጅ (ናሙናው የሚገባበት፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል የምርመራ ማሸጊያ) ሲቀርብለት ይህንኑ ልኬት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሠራል። ደሙ ወደ ካርትሪጁ ከመግባቱ በፊት የተወሰነ ዝግጅት ስለሚፈልግ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ የካርትሪጁም ዋጋ ቀላል አይደለም። ሆኖም የሚመለከታቸው የጤና ኃላፊዎች በድሬዳዋ ወይም በሐረር አንድ መሣሪያ በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ምርመራ ቢመድቡ፣ ካርትሪጁንም በመድኃኒት ግዢ ዕቅዳቸው ውስጥ ቢያካትቱት፣ የሁለቱንም ከተማ ሕሙማን በአንድ ቦታ ማስተናገድ ይቻላል።

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከድሬዳዋ