የቅዳሜው ፊልም ጉዳይ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ቅዳሜ የምናየው የሊባኖሳዊቷን ዳይሬክተር የናዲን ላባኪን ቅፍርናሆም ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ሽልማት የወሰደውን። አንዳንዶቻችሁ "ዘና የሚያደርግ ነገር ይሁንልን" ብላችኋል፣ ይገባኛል፣ ግን የተጣለ ልጅ ታሪክ ላይ መዝናኛው ሲበዛ ልጁ ራሱ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ሀብታም አሳዳጊ ከች ይልና ሙዚቃው ከፍ ይላል እኛም አልቅሰን ቀለል ብሎን እንወጣለን።

እዚህ ግን ዋናውን ገፀ ባህሪ፣ ትንሹን ዘይንን፣ የሚጫወተው ልጅ በእውነትም ቤይሩት ያደገ የሶሪያ ስደተኛ ነው፣ ከዛ በፊት ትወና የሚባል ነገር አያውቅም። ራሂልን ደግሞ በደንብ እዩልኝ፣ ወረቀት የሌላት ኢትዮጵያዊት ሰራተኛ ናት፣ ስትያዝ ህፃን ልጇ ዮናስ ዘይን እጅ ላይ ይቀራል። የሚበላ ሲጠፋ በረዶ ላይ ስኳር አድርጎ ይሰጠዋል፣ በስኬትቦርድ ላይ ድስት አስሮ ህፃኑን እየጎተተ መንገድ ለመንገድ ይዞራል፣ እኔ በህይወቴ እንደዚህ እውነት የሆነ ነገር ስክሪን ላይ አላየሁም። እሷን የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራውም ቀረፃው ሳያልቅ በወረቀት ጉዳይ የምር ታስራ ነበር!

ፍርድ ቤቱ፣ ልጁ ለምን ወለዳችሁኝ ብሎ ወላጆቹን የሚከስበት፣ ለኔ ትንሽ ድራማ በዝቶበታል፣ እሱ ላይ እንከራከራለን።

አረብ አገር እህት ወይ እናት ያላችሁ ሊከብዳችሁ ስለሚችል ከመሀል መውጣት ይቻላል፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ትንንሽ ልጆች ግን ባታመጡ።