እማማን አታርሚያቸው

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እማማም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው።

ለፋሲካ ስትመጪ ድምፃቸውን ልትቀጂ ማሰብሽን ወንድምሽ ነግሮኝ ደስ አለኝ። ባለፈው የሆነውንም ግን ነግሮኛል። እማማ «ጃንሆይ በ66 ሲወርዱ» ብለው ጨዋታ ሲጀምሩ «አይ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ነው» አልሻቸው። ልክ ነሽ። እሳቸው ግን «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው ዝም አሉ። ልጄ፣ አታርሚያቸው። ዓመተ ምሕረቱን ኋላ በወረቀት ላይ እናቃናዋለን።

ዓመት መጠየቁንም ተዪው። «ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲከፈት ምን ያህል ልጅ ነበሩ? ብሩ ሲለወጥ ማንን አዝለው ነበር?» በያቸው። ፋብሪካው በ1946፣ የብሩ ለውጥ በ1969 ነውና ሒሳቡን ለብቻሽ ትሠሪዋለሽ። «የድሮ ኑሮ እንዴት ነበር?» ካልሽ «ጥሩ ነበር» ብለው ይዘጉታል። «ከመተሐራ በባቡር ሲመጡ ምን ይዘው ነበር?» ካልሽ ግን ቅርጫቱን ከነክዳኑ ይነግሩሻል።

አባባ ጣቢያ ወጥተው የተቀበሏቸው ያን ቀን ነው። ፊቷን አይተው የማያውቋትን ሙሽራ ከወረዱት ሴቶች መካከል ወዲያው ለዩ፤ ይህን እየሳቁ ያወሩት ነበር። በምን እንደለዩ ግን ከእኛ የሚያውቅ የለም፤ የአባባ ድምፅ የተቀዳበት አንድ ነገር እንኳ ቤታችን ውስጥ የለም። ልጄ፣ ይህ ይቆጨኛል። እማማን ጠይቂልኝ።

ጊዜያቸው ጠዋት ከቡና በኋላ ነው፤ ወደ ማታ ይደክማሉ፣ ስምም ያምታታሉ። ከ40 ደቂቃ አትለፊ። አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ ተደብቆ መቅዳት ነውር ነው። በግራ ጆሯቸው በኩል ተቀመጪ፤ ከንፈርሽን እንዲያዩ ፊትሽ ወደ መስኮቱ ይሁን። አትጩሂ፤ በእርጅና አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነውና ድምፅሽን ወፈር፣ ንግግርሽን ዘግየት አድርጊ።

ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጊው፤ ከተደወለ ቅጂው ይቋረጣል። ረከቦቱ ካለበት ጠረጴዛ አርቂው፣ የሲኒው ኳኳታ ድምፃቸውን ይውጠዋል። የተጣጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከእሳቸው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ማራገቢያውን አጥፊ፤ ሙቀቱን ቻዪው።

ዝም ሲሉ ጥያቄ አትደርድሪ፤ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። እያሰቡ ነው። አንድን ታሪክ ሁለቴ ቢነግሩሽም «ነግረውኛል» አትበያቸው፤ በሁለተኛው ላይ ያልሰማሽው ስም ይወጣል።

የአጎትሽን ነገር ራሳቸው ካላነሱ አንቺ አታንሺ። አንስተው ካለቀሱ ደግሞ ወሬ አትቀይሪ፤ እጃቸውን ይዘሽ ቆዪና «እናቁም ወይስ ይቀጥላሉ?» በያቸው። የሞተበትን ቀን ቢሳሳቱም አታርሚያቸው። እለምንሻለሁ፣ እዚህ ላይ እንኳ አታርሚያቸው።

ሲያልቅ ቅጂውን ቀኑንና የተወራውን ጽፈሽ ሰይሚው፤ የዚያኑ ዕለት ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ለወንድምሽም ላኪ። ስልክ ይሰረቃል። የፎቶዎቹ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፊ በእርሳስ፣ ሳትጫኚ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

ከሐዋሳ ዓሣ አታምጪ፣ መንገድ ላይ ይበላሻል። በጠዋቱ መኪና ተሳፈሪ፤ ሞጆ ስትደርሺ ደውዪልኝ።

እናትሽ
አዳማ