ለኳርተርባክም የ5 ያርድ ቅጣት ይኑር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ኳርተርባክን፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረውን የማጥቃት መሪ፣ እንደ እንቁላል አቅፎ ጨዋታውን አበላሸው ሲሉ አነበብኩ። ምሬታቸው ይገባኛል። እኔን የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው፦ አንዱ እንቁላል፣ ሌላው ድንጋይ ተደርጎ መቆጠሩ።

ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር 19 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ኳስ በእጅ እየያዙ «ፉትቦል» ማለታቸው ራሱ ያናድደኝ ነበር። አሁን እሁድ ከሰዓት ስልክ አላነሳም።

ጥበቃው ያስፈልጋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ኳርተርባክ ሲወረውር ዓይኑ ሩቅ ነው፣ ጎኑ ክፍት ነው፣ የሚመጣበትን አያይም። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጆ ታይስማን ኖቬምበር 18 ቀን 1985 እግሩ ተሰብሮ በዚያው ቀረ። ልክ ከ33 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ቀን፣ ሌላው የዋሽንግተን ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ እዚሁ እግሩ ተሰበረ። ቁስሉ አመርቅዞ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የሁለቱን ቪዲዮ አትፈልጉት፣ ምግብ አያስበላም።

ግን ኦክቶበር 9 ቀን 2022 የሆነውን እዩ። ታምፓ አትላንታን 21 ለ 15 ይመራል። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቀርቷል። የአትላንታው ተከላካይ ግሬዲ ጃሬት የታምፓውን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲን ወገቡን ይዞ አዙሮ ጣለው። ጭንቅላት አልተነካ፣ ጉልበት አልተነካ። እኔ ከሶፋ ተነስቼ ሳጨበጭብ ዳኛው የቅጣት ምልክት የሆነችውን ቢጫ ጨርቅ ወረወረ። 15 ያርድ (14 ሜትር ገደማ) ለታምፓ፣ በላዩ ላይ አዲስ ፈርስት ዳውን፣ ማለትም ኳሷን ይዞ እንደ አዲስ የማጥቃት ዕድል። ጨዋታው እዚያው አለቀ። ዳኛው በኋላ ሲጠየቅ፣ ጃሬት ሳያስፈልግ መሬት ላይ ጥሎታል አለ። ታዲያ እንዴት ይጣለው? ፍራሽ አንጥፎ?

በማግስቱ ማታ ደግሞ የካንሳስ ሲቲው ተከላካይ ክሪስ ጆንስ ኳሷን ከላስ ቬጋሱ ኳርተርባክ ከዴሪክ ካር እጅ ነጥቆ፣ እንደያዛት አብሮት ወደቀ። ክብደትህን ጫንክበት ተብሎ ተቀጣ። «ኳሷን ነው የነካሁት» እያልን ላደግን ሰዎች ይሄ ጭራሽ አይዋጥም። ከቀናት በፊት የማያሚው ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎአ ጭንቅላቱ ተጎድቶ በቃሬዛ ከሜዳ ወጥቶ ስለነበር ዳኞቹ የደነገጡ ይመስለኛል።

አሁን የካሮላይናውን ኳርተርባክ ካም ኒውተንን አስታውሱ። ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ሰው። ሲሮጥ እንደማንኛውም ሯጭ ይመታል፣ ደንቡ ነው። ነገር ግን በሴፕቴምበር 2016 ዴንቨር ላይ ሲወረውር ጭንቅላቱን ደጋግመው አገኙት። በዚያ ጨዋታ ሁለት የዴንቨር ተከላካዮች ኋላ ላይ ሊጉ በገንዘብ ቀጣቸው። የገንዘቡ ቅጣት ለኒውተን ምን ይረባዋል? ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ሄዷል። በዚያው ወቅት ሜዳ ላይ ደኅንነት አይሰማኝም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ተመትቶ ስለማይወድቅ ለዳኞቹ ያልታመመ ይመስላቸዋል። ጭንቅላት ግን ጭንቅላት ነው፣ የግዙፍም ይሁን የቀጭን።

ዳኛው ምን ያድርግ? በእጁ ያለው አንድ ትልቅ ዱላ ብቻ ነው። ወይ 15 ያርድ፣ ወይ ምንም። በሰከንድ ክፍልፋይ ሲወስን፣ ማን ወደቀ የሚለው ዓይኑን ይስበዋል። እኔ ብሆንም ይስበኝ ነበር።

የሚገርመው መፍትሔው እዚያው ደንቡ ውስጥ ተቀምጧል። ኳሷን በእግሩ የሚመታውን ተጫዋች ገፋ ካደረግከው 5 ያርድ ነው፣ አዲስ ፈርስት ዳውንም አይሰጥም። ከደፈጠጥከው 15 ነው። ዳኞች ይህን በየሳምንቱ ይለያሉ። ለኳርተርባክስ? የክብደትና የአጣጣል ነገር 5 ያርድ ይሁን። ጭንቅላትና ጉልበት 15 ይሁን፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን። ከጭንቅላት የሚነካው ደግሞ በቪዲዮ ይታይ፣ ዳኛው ቢያልፈውም።

ስለ ተከላካዩም አንድ ነገር። በ2018 የማያሚው ዊሊያም ሄይስ ኳርተርባኩ ላይ ክብደቱ እንዳያርፍ ሲሸሽ የራሱ ጉልበት ተበጠሰ። ለሱ ጨርቅ የሚወረውርለት የለም።

የቡድን ባለቤቶቹ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ተሰብስበው ደንብ ይቀይራሉ። ከ32ቱ የ24ቱ ድምፅ ይበቃል።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ