«የጀማሪዎች ካሜራ» ያላችሁት እንጀራዬ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለሚጠበቀው የካነን አር7 ካሜራ ተተኪ የወጣውን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ተናድጄ። ስለ ካሜራ በአማርኛ ተጽፎ የምናገኘው ስንቴ ነው? ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ካሜራው «ፉል ፍሬም ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ጀማሪዎች» የሚሠራ ነው ተብሏል፤ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው የካሜራው ክፍል) ያለው ውድ ካሜራ ነው። ጠቤ ከዚህች ቃል ጋር ነው። ጀማሪ!

ሠርግ ማንሳት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። የያዝኩት አር7 ነው፤ ከዱባይ በሰው ያስመጣሁት። ዘገባው በወጣ በሦስተኛው ቀን የጥር ሠርግ ልዋዋል የሙሽራዋ ቤት ሄድኩ። አጎቷ ካሜራዬን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ጋዜጣ ላይ የጀማሪ ነው የተባለው አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሥራዬን ይዩልኝ» ብዬ አልበሙን ከፈትኩላቸው። አዩ፣ ወደዱት። ከዋጋው ላይ ግን የዚያችን ቃል ያህል ቀነሱብኝ።

ነገሩን ረጋ ብዬ ላስረዳ። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። አር7 ውስጥ ያለው አነስተኛው የካነን ሴንሰር፣ ክሮፕ የምንለው፣ 22.3 በ14.9 ገደማ ነው። ትልቁ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ፎቶው የጠራ ይሆናል። ይህን አልክድም። የራቀ ነገር ስታነሱ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የካነን አር5 ፉል ፍሬም ነው፤ 45 ሜጋፒክሰል አለው። ምስሉን በክሮፑ ልክ ስትቆርጡት የሚተርፋችሁ 17 ገደማ ነው። አር7 በዚያችው ስፋት ላይ 32.5 ሜጋፒክሰል ያሰፍራል። ሲወጡ የአር5 ቦዲ (ያለ ሌንስ) 3,899 ዶላር፣ የአር7 ደግሞ 1,499 ዶላር ነበር። ባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ክሮፕ ላይ ሲገጠም የ640 ያህል ያቀርባል። ሌንሱ አይረዝምም፤ የሚጠበው ክፈፉ ነው። ባሌ፣ ሳነቲ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ በብርድ የዋለ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀበሮው ቀረብ በሉና አንሱኝ አይልም።

የአር7 ቀዳሚ የሆነው ባለ ክሮፕ ሴንሰሩ የካነን 7ዲ ማርክ 2 በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ለወፍና ለስፖርት አንሺዎች ነበር። እነዚሁ ሰዎች ሚረርለሱ (ውስጡ መስታወት የሌለው) አር7 እስኪመጣ እስከ 2022 ጠበቁ። ስምንት ዓመት! የትኛው ጀማሪ ነው ስምንት ዓመት የሚጠብቀው?

አሁንስ የምንጠብቀው ምንድን ነው? ዘገባችሁ ለዚህ አንድ መስመር አልሰጠውም። አር7 በኤሌክትሮኒክ ሻተር (መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ በሴንሰሩ ብቻ ሲያነሳ) በሰከንድ እስከ 30 ፎቶ ያነሳል፤ ድምፅም የለውም። ተክሊል ላይ፣ ካህኑ ለሙሽሮቹ አክሊል ሲደፉላቸው፣ መካኒካል ሻተሬ (የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ቀጭ ቀጭ ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ስለዚህ ድምፅ አልባው ያስፈልገኛል። ችግሩ፣ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፤ ያውም ቀስ ብሎ። አንብቦ እስኪጨርስ የሚንቀሳቀሰው ነገር ቦታውን ለቋል። አዳራሽ ውስጥ የኤልኢዲ መብራት ሲኖር ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይጋደምበታል። እስክስታ የምትወርድ ልጅ ትከሻዋ ተጣሞ ይወጣል።

ሰፈራችን ሉካንዳ አለ። ጠዋት ሥጋ ሲራገፍ ጭልፊቶች ከላይ ይዞራሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ቁራጭ ሥጋ ሊነጥቅ ቁልቁል ሲወረወር አገኘሁት። ዓይኑ ጥርት ብሏል። ጥፍሩ ተዘርግቷል፤ አንዷ ጥፍር ላይ የደረቀ ደም ሁሉ ይታያል። ክንፉ ግን እንደ ጎማ ጎብጧል። ያ ወፍ እንደዚያ አልበረረም። ፎቶውን አላጠፋሁትም፤ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። የምንጠብቀው ይህን ክንፍ እንዳለ የሚይዝ፣ ቶሎ የሚነበብ ሴንሰር ነው። በየሻይ ቤቱ ስንገናኝ የምናወራው ይህንኑ ነው።

ለእኛ ደግሞ መጠበቅ ዋጋ አለው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሁን ያለውን ይዤ ልቆይ? አዲሱ ሲወጣ የእጄ ካሜራ ዋጋው ይወርዳል። ዛሬ ልሽጠው? የጥርን ሠርግ በምን ላነሳ ነው? እንቅልፍ የሚነሳን ጥያቄ ይሄ ነው። ጸሐፊው አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ወይም አንድ ወፍ የሚያነሳ ሰው አነጋግረው ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይሰሙት ነበር። ማንንም አልጠየቁም። እኛ እዚህ እያለን፣ ስለ ዕቃችን ያለ እኛ ተጻፈ።

«ጀማሪዎች» የሚለው ቃል እንዲታረም እጠይቃለሁ። እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት ይውጣ። ከጥር በፊት ቢሆንልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ የሙሽራዋ አጎት ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ነው የሚገዙት።

አክባሪያችሁ፣
ፎቶ አንሺ፣ ከአዲስ አበባ