የመካኒክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አልይዝ ያለው የኋላ ፍሬን

ዘንድሮ በክበባችን የተመዘገቡት 23 ተማሪዎች ሲሆኑ እስከ ሰኔ የዘለቁት 17 ናቸው። ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአሮጌው ዕቃ ግምጃ ቤት በረንዳ ላይ ስንሠራ ከርመናል። የመጀመሪያው መንፈቅ ያለፈው በብስክሌት ነው፤ ጎማ ለጠፍን፣ ካቴና አሳጠርን፣ የተጣመመ ቸርኬ አቀናን። ይህ በየዓመቱ የምንሠራው ስለሆነ ቦታውን ከየካቲት እስከ ግንቦት ላስጨነቀን የአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን ልስጠው።

ሞተሩ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ሆንዳ ይህን ሞዴል መሥራት የጀመረው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ብዙ የቻይና ሞተሮች የእሱን ኢንጂን ንድፍ የተከተሉ ናቸው። ባለቤቱ የባልደረባዬ አባት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከብት ክትባት ጭነው ከቀበሌ ቀበሌ የዞሩበት ነውና ሊሸጡት አይፈልጉም። ተማሪዎቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። «ፔዳሉን እስከ መጨረሻው እረግጠዋለሁ፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል» አሉን። አንድ ጋራዥ ወስደውት አዲስ የፍሬን ሸራ (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ተገጥሞለታል፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ብሶበታል።

ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ «ሸራው ጥራት የለውም፣ እንቀይረው» አሉ። እኔ ደግሞ አንድም ብሎን ሳይፈታ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ በሰሌዳ ላይ ይሣሉልኝ አልኩ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘንጉ ክንዱን ይስባል፤ ክንዱ ካሙን (ሞላላ ጫፍ ያለውን አጭር ዘንግ) ያዞራል፤ ካሙ ሁለቱን ሸራዎች ገፍቶ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ግድግዳ ጋር ያፋትጋቸዋል፤ እግር ሲነሣ ሞላዎቹ ይሰበስቧቸዋል። ሥዕሉ ሲያልቅ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ኃይሉ ከእግር ተነሥቶ ጎማው ጋ እስኪደርስ አምስት ቦታ ላይ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው» አለች። የቀሩትን ወራት የሠራነው በዚህች ልጅ አባባል ተመርተን ነው።

ጎማውን ከማውጣታችን በፊት ከውጭ የሚታየውን አየን። የኋላው ክንድ ወደ ኋላ በጣም ተንጋሏል። ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ፔዳሉን አስረግጠን በዘንጉና በክንዱ መካከል ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ብንለካው 50 ዲግሪ ገደማ ሆነ። ክንድ ካምን በሙሉ አቅሙ የሚያዞረው ዘንጉ በ90 ዲግሪ ሲስበው ነው፤ በ50 ዲግሪ ከሆነ የእግራችን ኃይል አንድ አራተኛ ገደማ ይባክናል። በፊዚክስ ክፍል ስለ ቶርክ (ስለ ማዞር ኃይል) ሳስተምር ሳይን ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁኝ ልጆች ያን ቀን ራሳቸው አስሉት።

ምክንያቱን ያገኘነው በክንዱና በካሙ ጫፍ ላይ ከተመቱት ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ነው። ነጥቦቹ ፊት ለፊት መግጠም ሲኖርባቸው ክንዱ ካሙ ላይ ከሚገጥምባቸው ጥርሶች በጥቂቱ ተራርቀዋል። የቀድሞው ሸራ ሲያልቅ አንድ ሰው ክንዱን ነቅሎ በጥርሱ ላይ ወደ ኋላ በመመለስ ዘንጉን የሚያጠብቅበት ቦታ አግኝቷል። ይህ ያለቀን ሸራ ያላለቀ የሚያስመስል አደገኛ ዘዴ ነው፤ ካሙ ከመጠን በላይ ዞሮ እዚያው ሊቀረቀር ይችላል። አዲስ ሸራ ሲገባ ደግሞ ክንዱን ወደ ቦታው የመለሰው ሰው አልነበረም።

ጎማው ሲወጣ ሌላ ጉድ ጠበቀን። የአንዱ ሸራ ጠርዝ በግራሶ ጠቁሯል። ኩሽኔታው ከልክ በላይ ግራሶ ተሞልቶ፣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበትም ደርቆ ስለተሰነጠቀ፣ ታምቡሩ ሲሞቅ ግራሶው ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጆቹ በቤንዚን አጥበን እንመልሰው ብለው ነበር። ሸራ ግን የጠጣውን ግራሶ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ሸራው መቀየሩ አልቀረም፤ ቀለበቱ ሳይቀየር ቢሆን ኖሮ ግን ሁለተኛውም ሸራ የመጀመሪያው ዕጣ ይደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆችም እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የአሮጌ ፍሬን አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳንባን ይጎዳል። በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አይነፋም። እኛ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን፣ ጨርቁን በፌስታል አስረን ጥለናል፤ ጭምብል ያላደረገ ተማሪም ወደ ሥራው አልቀረበም።

የታምቡሩን የውስጥ ስፋት በካሊፐር (በመለኪያ መሣሪያ) ስንለካው 110.6 ሚሊ ሜትር ሆነ። በራሱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ልክ 111 ስለሆነ ገና ያገለግላል። ነገር ግን አዲሱ ሸራ የተሠራው ለ110 ነው፤ ክቡ ጠበብ ስለሚል ታምቡሩን የሚነካው በወገቡ ብቻ ነው። ይህን ያሳየን ጠመኔ ነው። ሸራውን በጠመኔ ቀብተን፣ ገጥመን፣ ፍሬኑን ቀስ አድርገን እየያዝን ጎማውን በእጅ አዞርነው። ሲከፈት ጠመኔው መሐል ላይ ብቻ ተፍቆ፣ ሁለቱ ጫፎች ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። የብርጭቆ ወረቀት በታምቡሩ ውስጥ ለጥፈን፣ ሸራውን በእርጥቡ እያሸን፣ በጠመኔ እየፈተንን ሦስት ሐሙስ ፈጀብን። በመጨረሻው ሙከራ ጠመኔው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቆ ሲወጣ በረንዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

ስንገጥመው ካሙን አጽድተን በጣም ስስ ግራሶ ቀባነው፤ ሁለቱን ነጥቦች አገናኘን። የጎማውን ዳዶ ያጠበቅነው አንድ ተማሪ ፔዳሉን ረግጦ ይዞ ሳለ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ሸራዎቹ በታምቡሩ መሐል ይቀመጣሉ። የፔዳሉን ልቅ ጉዞ፣ ማለትም ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር በባዶ የሚሄደውን፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አደረግን። የፍሬኑን ሰሌዳ (ሸራዎቹና ካሙ የተገጠሙበትን ክዳን) ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስረው ብረት ዳዶ ኮፒሊያ (ዳዶ እንዳይወልቅ የሚይዝ ቁልፍ) እንደሌለውና በሽቦ እንደታሰረ ያየው ደግሞ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ያ ዳዶ በመንገድ ላይ ቢወልቅ ሰሌዳው አብሮ ይዞርና ጎማው በድንገት ይቆለፋል። ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራንም፤ ኮፒሊያ ገዝተን እስክንመለስ ሞተሩ ባለበት ቆመ።

ግንቦት ላይ መንጃ ፈቃድ ያለው ባልደረባችን በኳስ ሜዳው ላይ ሞከረው። ከጥገናው በፊት ሜዳው ላይ በጠመኔ ካሰመርነው መሥመር ጀምሮ የኋላውን ፍሬን ብቻ ሲይዝ ከባንዲራው ምሰሶ አልፎ ነበር የሚቆመው። አሁን በዚያው ፍጥነት መጥቶ ምሰሶው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጋሼ ወደ ሜዳው ወርደው ታምቡሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ለብ ያለ ብቻ ነበር፤ እግር ከተነሣ በኋላም ሸራው እየታከከ አልነበረም።

ለጋሼ አንድ ነገር ጽፈን ሰጥተናቸዋል፦ ካቴናውን ባጠበቁ ቁጥር ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፍሬኑ ዘንግም አብሮ ይጠብቃል፤ ፔዳሉን ሳይለኩ አይነሡ።

ለመጪው ዓመት የፊተኛው ፍሬን ገመድ ይጠብቀናል። አንድ ካሊፐርና አንድ ስብስብ መፍቻ ለመግዛት ለወላጅ መምህር ኅብረት ጥያቄ አቅርበናል። የዘንድሮውን ካሊፐር ያዋሱን የቤተ ሙከራ ኃላፊ ናቸው፤ መስከረም ላይ እንድንመልስላቸው ነግረውናል።