የሳዊን በዓል ላይ ለተጋበዘችው ልጄ

ደሴ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጎረቤቶችሽ ጥቅምት 21 ማታ የሳዊንን በዓል ለማክበር ችቦ ይዘው እዚያው አየርላንድ ወዳለው ዋርድ ኮረብታ ሲወጡ አብረሻቸው እንድትሄጂ እንደጋበዙሽ፣ በዓሉ ከክርስትና በፊት የነበረ የአረማውያን በዓል በመሆኑም እንደተቸገርሽ ጽፈሽልኛል። የእኔ ፈቃድ እንድትሄጂ ነው።

የአየርላንድ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ከብቱም ከበጋ ግጦሹ ወርዶ፣ ጨለማውና ብርዱ ሲገባ እሳት አንድደው ሙታናቸውን ያስባሉ፤ በማዕዳቸው ለሟች ቦታ የሚተዉም አሉ። ቤተ ክርስቲያናቸውም በማግስቱ ቅዱሳንን ሁሉ፣ ቀጥላም ሙታንን ታስባለች።

አንቺ በቅሬያችን፣ በዕድራችን ማለት ነው፣ ዳስ ያደግሽ ልጅ ነሽና ይህ ሊያስፈራሽ አይገባም። የአያትሽ ተዝካር በወጣ ጊዜ የክርስቲያኑ ሰንጋ በአንድ ወገን፣ የሙስሊሙ በሌላ ወገን ታርዶ፣ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ሆኖ፣ የሙስሊሙን ወጥ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠርተው ሲያቀርቡ አይተሻል። ቄሱ ጸሎት ሲያደርሱ ሼሁና ሽማግሎቻቸው በጸጥታ ተቀምጠው ቆዩ፤ ከምሳ በኋላ እሳቸው ዱዓ ሲያደርጉ ደግሞ እኛ «አሜን» አልን። ሃይማኖቱን ጥሎ የሄደ ማንም አልነበረም፤ ኀዘኑ ግን የሁላችንም ነበር። አንቺም ለአማልክታቸው የሚጸልዩበት ሰዓት ሲደርስ ፈንጠር ብለሽ ቁሚና አቡነ ዘበሰማያትሽን በልብሽ ድገሚ፤ ሟቾቻቸውን ሲያስቡ ግን ጠጋ ብለሽ ስሚያቸው።

በእኛም አገር ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ታላላቆቻችን ይነግሩን ነበር። ጭሱ ዛሬም አለ፤ በዚያ በሽታ ያለቁትን በስም የሚጠራ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ይህም ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ጎረቤቶችሽ እሳቱን ከበው የሟቾቻቸውን ስም በየተራ እንደሚጠሩ ሳነብ የቀናሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ አደራ አለኝ። ስሟን ያወጣሁልሽ አክስትሽ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ኮረም መጠለያ ውስጥ አረፈች። ሬሳው በየማለዳው በአቡጀዴና በጆንያ እየተጠቀለለ ይቀበር ስለነበር ቅሬ አልተጠራላትም፣ አልቃሽ አልቆመላትም፤ መቃብሯን ለይቶ የሚያሳየኝ ሰውም አላገኘሁም። ተዝካሯን ከዓመታት በኋላ እዚሁ ደሴ አወጣን፤ ነገር ግን እንደ እርሷ የሄዱት እጅግ ብዙ ናቸውና፣ ወሎ ሁሉ በአንድነት ተሰብስቦ የሚያስባቸው ቀን ቢኖረን ብዬ እመኛለሁ። ተራው አንቺ ዘንድ ሲደርስ ስሟን ጥሪ፤ የየት አገር ሰው እንደነበረች፣ በምን እንደሞተችም ንገሪያቸው። እነርሱም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ድንቹ በበሽታ ጠፍቶባቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀባቸው ሕዝብ ናቸውና፣ ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አትቸገሪም።

ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ እናትሽ ከላከችልሽ ዳቦ ቆሎ የተረፈ ካለ ያዢላቸው። ኮረብታው ላይ ብርዱ ስለሚበረታ ጋቢሽን ደርቢ። እናትሽና ወንድሞችሽ ሰላም ይሉሻል፤ ጎረቤቶችሽንም ስለ ግብዣው አመስግኝልኝ።

አባትሽ