ለልጄ የሆኪ አሰልጣኝ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለኮች፣ በጭንቃችንም ወቅት ደጃችንን ለረገጣችሁልን ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ።

ልጃችን ባለፈው ቅዳሜ፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ በረዶው ላይ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን! ቅልጥሙ የተሰበረ ቀን ያንን ጫማ ዳግመኛ የሚያስር አልመሰለንም ነበር።

ድስት ይዛችሁ የመጣችሁ፣ የሌሊት ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ፣ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን። ስለ ኮች ግን ትንሽ ላውራ፤ አብዛኞቻችሁ አታውቋቸውም።

ስምንት ዓመት የተጫወቱት ኢሲኤችኤል በሚባለው ሊግ ነው፤ ከሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ ሁለት እርከን ዝቅ ይላል። ደመወዙ ትንሽ፣ ሌሊቱ በአውቶብስ ላይ ነው። የላይኛው ቡድን ሰው ሲጎድለው ይጠራሃል፤ የተጎዳው ሲድን ደግሞ ሻንጣህን ይዘህ ትመለሳለህ። ይህን ያጫወቱን ባለቤቴ ያቀረበችላቸውን አጥሚት እየጠጡ ነው። ሁለት ኩባያ!

ልጄ ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማንንም አላናግርም ብሎ ነበር። ኮች አይዞህ እንኳ አላሉትም። የሆኪ ዱላውን ከጥግ አንስተው፣ አሮጌውን ቴፕ ልጠው፣ «እስኪ አንተ ጠቅልለው» አሉት። ከጫፉ ይጀመር ከተረከዙ በሚል ተከራከሩ። ሳያስበው ዞረ። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ እየመጡ የጨዋታ ቪዲዮ ያሳዩት ጀመር፤ ክራንች ሲይዝም ከተጠባባቂዎቹ ጋር አስቀምጠው የተቀያሪዎቹን ተራ አስመዘገቡት።

አንድ ሐሙስ የዴንቨሩን የኤንኤችኤል ቡድን የአቫላንሽን አሰልጣኝ፣ የጃሬድ ቤድናርን ነገር አነሱለት። ቤድናር ኤንኤችኤል ውስጥ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በሳውዝ ካሮላይና ስቲንግሬይስ ቡድን የኢሲኤችኤልን ዋንጫ፣ የኬሊ ዋንጫን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2001 በተጫዋችነት፣ በ2009 በአሰልጣኝነት አነሳ። ዴንቨር በመጣበት ዓመት አቫላንሽ በ48 ነጥብ የኤንኤችኤል መጨረሻ ሆነ፤ በ2022 ግን የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ወሰደ። ልጄ የያዘው ዋንጫውን ሳይሆን 48ቱን ነጥብ ነው፤ እስካሁን ይደጋግመዋል።

አንድ ዕዳ አለብኝ። የተሰበረ ዕለት ኮችን በሰው ፊት ጮኬባቸዋለሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው! ያን ቀን አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ኮች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህን ልጄ ይተረጉምልዎታል፤ ይቅርታዋን እንዳይዘላት አስጠንቅቄዋለሁ። ሐሙስ ይምጡ፣ አጥሚት አለ።